ለሌላ ሰው ያቀድሁት ሳፋሪ

ዓደን፣ ክሬተር
ቅዳሜ፣ ሰኔ 22 ቀን 2016 ዓ.ም.

ውድ አባዬ፣

አሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ። ከሁሉ በፊት የስኳርህን ነገርና የእማዬን ጉልበት መጠየቅ ነበረብኝ። እጠይቃለሁም፤ ግን ንዴቴ ስለቀደመኝ ትንሽ ታገሠኝ።

ሐሙስ ከዙህር በኋላ ቢሮ ውስጥ ነን። መብራት ስለሌለ ማራገቢያው ቆሟል፤ ኮምፒውተሩ በሶላሩ ባትሪ ነው የሚሠራው። ኬንያ ያለው ካምፕ የእንግዶቹን ሙሉ ስም ካልላክን ድንኳኑን ለሌላ ሰው እንደሚሰጥ ጽፎልናል። የሙሽራው ስም ተሞልቷል፤ የሙሽራይቱ ቦታ ግን ባዶ ነው። «አሚ ሳሊሕ፣ የሙሽራይቱን ስም ይንገሩኝና ልጨርሰው» አልኋቸው። ወንድምህ ከሻሂያቸው ቀና እንኳ ሳይሉ፣

«የራስሽን ጻፊ» አሉኝ።

ሳቅሁ። ወላሂ፣ ሳቅሁ። ለጊዜው ቦታ ለመያዝ የሚሉ መስሎኝ፣ «አሚ፣ በውሸት ስም ድንኳን አይያዝም፤ ፓስፖርት ያያሉ» አልኋቸው።

«ምን ውሸት አለው? አባትሽ ወክሎኛል። ኒካሁ የፊታችን ጁምዓ ከዐስር ሶላት በኋላ ነው። ጻፊ፤ ኡመይማ በድረዲን» ብለው ስሜን እንደማላውቀው ሁሉ ፊደል በፊደል ቆጠሩልኝ። ከዚያም «መብሩክ» ብለው ወደ ሻሂያቸው ተመለሱ።

አባዬ፣ ነገሩ እንዲህ ነው የሆነው። አንተ የምታውቀውን ታውቃለህ፤ እነሱ የነገሩህንም እገምታለሁ። አሁን ደግሞ እኔ ያየሁትን ስማ።

ከዒዱ በፊት አሚ ሳሊሕ አንድ ቀን ደስ ብሏቸው መጡና፣ «ዛሬ ትምህርትሽ ሥራ አገኘ» አሉኝ። የአንድ ትልቅ የዓሣ ነጋዴ ልጅ ሊያገባ ነው፤ ለሙሽርነቱ ጉዞ አውሬ ማየት ይፈልጋል፤ ገንዘብ አይቆጠርም፤ ከሁሉ የላቀውን አዘጋጂ። እኔ ጎንደር አራት ዓመት ቱሪዝም ተምሬ እዚህ የማደርገውን ታውቃለህ። ለዑምራ ተጓዥ ቲኬት እቆርጣለሁ፤ ካይሮ ለሕክምና ለሚሄድ ሰው ሆቴል እይዛለሁ። ሳፋሪ ብሎ የጠየቀኝ ሰው የለም። ያን ቀን ከደስታዬ ምሳ አልበላሁም።

«ሙሽራይቱስ? ምን ትወዳለች? ማን ናት?» ብዬ ጠይቄያለሁ። አሚ ሳሊሕ «ቤተሰቡ ናት» አሉኝ። በቃ። እዚህ ወንድ የሴቱን ስም በባዕድ ፊት እንደማይጠራ ላንተ አልነግርህም፤ አንተስ እማዬን ሱቅ ውስጥ «ቤት» እያልህ አይደል የምትጠራት? በቢሯችን የግማሹ ደንበኛ ሚስት ስሟ የሚታወቀው ፓስፖርቷ ሲመጣ ነው። እስከዚያ «ቤተሰብ» ብለን እንጽፋለን። ስለዚህ ምንም አልጠረጠርሁም። እኔን ያታለሉኝ በውሸት አይደለም፤ በጨዋነት ነው። ይህ ነው ይበልጥ የሚያንገበግበኝ።

ሥራውን እንዴት እንደሠራሁት ብታይ! በነሐሴ ዊልደቢስት የሚሉት ከብት መሳይ አውሬ በአእላፍ እየሆነ ከሴሬንጌቲ ወደ ማሳይ ማራ ይሻገራል፤ ወንዙ ዳር አዞ ይጠብቀዋል። ስለዚህ ማራ ላይ ወንዙን የሚያይ ካምፕ መረጥሁ። ከዚያ በፊት ኪሊማንጃሮ ከኋላው የሚታይበት አምቦሴሊ፣ ለዝሆን። ሥጋው ሐላል እንዲሆን፣ ከምግብ ቤቱ መጠጥ እንዲነሣ፣ ለሙሽሮቹ ብቻ አንድ መኪናና አንድ አስጎብኚ እንዲመደብ ተጻጻፍሁ። ወደ ካምፑ የምታደርሰው ትንሿ አውሮፕላን ጠንካራ ሻንጣ እንደማትቀበል፣ ለስላሳ ቦርሳ ብቻ፣ እሱም ቀላል መሆን እንዳለበት ለሙሽራው እናት ለኻላ ዐሊያ ለማስረዳት የፈጀሁት ትንፋሽ አንድ የዓሣ ጀልባ ይነዳል። «የሙሽራ ልብስ በቦርሳ? እንደ ወታደር?» ይላሉ።

ኻላ ዐሊያ ከኢንማ ከተማ ድረስ እየመጡ ቢሮ ይቀመጡ ነበር። የድንኳኑን ፎቶ ሳሳያቸው መነጽራቸውን አደረጉና፣

«ልጄ፣ ግድግዳው የታለ?»

«ሸራ ነው ኻላ።»

«ሸራ! በላሕጅ መንገድ ዳር በሸራ ውስጥ የሚያድር ተፈናቃይ ሞልቶ የለም እንዴ? እነሱ በነጻ የሚያድሩበትን እኛ ከፍለን?»

«ኻላ፣ ይህ የእንጨት ወለል፣ ትልቅ አልጋ፣ ሙቅ ውኃ አለው። መታጠቢያው እንኳ ወንዙን ያያል።»

«መታጠቢያው ወንዙን ካየ ወንዙም መታጠቢያውን ያያል። ማን አለ እዚያ?»

«ማንም የለም፤ ቀጭኔ ምናልባት።»

«ወንድ ቀጭኔ?» አሉኝ፤ ዐይናቸውን ሳያሹ፣ ከልባቸው።

ሳቄን ለመያዝ ጎንበስ ስል «ሒጃብሽ ተንሸራተተ» ብለው ያዙኝና ፀጉሬን ገልጠው አዩት። ሌላ ቀን ሻሂ እንድቀዳላቸው ጠየቁኝ፤ እጄን አዩ። ሌላ ቀን ወለሉን አቋርጬ ፋይል እንዳመጣ ላኩኝ፤ ፋይሉን ግን አላነበቡትም። ሥራ የሌላቸው ወሬ ወዳድ ሴትዮ ናቸው ብዬ አለፍሁት። ለካ እኔ አንበሳ ስመርጥላቸው እሳቸው እኔን እየመረጡ ነበር።

አሚ ሳሊሕማ ቅጡን አጥተውት ነበር። አንድ ቀን ጫት ከሚቅሙበት ከመብረዛቸው ደውለው፣

«ሴሬንጌቲ ጫት ይገኛል?»

«አሚ፣ ታንዛኒያ ክልክል ነው። ያስራሉ።»

«እንዲያ ከሆነ ታንዛኒያን ሰርዢው፤ ኬንያ ይበቃቸዋል። አንበሳው እንደሆነ እዚያም እዚህም ያው አንበሳ ነው።»

ሙሽራው ጫት እንደማይቅም እኔ አውቅ ነበር፤ እሳቸው አያውቁም ነበር። እስቲ አስበው፤ ለወንድማቸው ልጅ ባል መርጠው፣ ሰውየው ምን እንደሚያኝክና እንደማያኝክ የማውቀው እኔ ነኝ።

ስለ ሙሽራው፣ ስለ ሙንተሰር፣ መጻፍ አልፈለግሁም ነበር። ግን ካልጻፍሁ ነገሩ አይገባህም። አሚ ሳሊሕ አጠገቤ ተቀምጠው ስልኩን ጮክ አድርገው ከፍተው ነበር የምንነጋገረው። ሁልጊዜ የሚጠይቀኝ አንድ ነገር ነው፤ «አንቺ ብትሆኚ የቱን ትመርጫለሽ?» ባለሙያ ስለሆንሁ የሚጠይቀኝ መሰለኝ። እኔም እውነቱን ነገርሁት። እኔ ብሆን አምስት አውሬ አየሁ ለማለት ከመኪና መኪና አልሮጥም፤ አንድ የዝሆን ቤተሰብ አጠገብ ሞተር አጥፍቼ ውዬ እመለሳለሁ፤ መሪያቸው አሮጊቷ ወዴት እንደምትወስዳቸው፣ ትናንሾቹ ሲደክማቸው ማን እንደሚቆምላቸው አያለሁ። «እንግዲያው እንደሱ ይሁን» አለኝ። ካምፑንም፣ ወንበሩ ወደየት እንደሚዞር እንኳ፣ በእኔ ምርጫ አደረገው። ራስ ኢምራን በሚባለው ባሕር ዳር የአባቱን ጀልባዎች የሚያስተዳድረው እሱ ነው፤ ግን ባሕር ያዞረዋል፤ ዓሣ አጥማጆቹ እየሳቁ ሎሚ ይሰጡታል። ይህን ራሱ ነው የነገረኝ። ደንበኛ ለቲኬት ሠራተኛ እንዲህ ያለ ነገር አይነግርም፤ ያኔ ልብ ማለት ነበረብኝ። ዝሆኖች የሞተ ዘመዳቸውን አጥንት በኩምቢያቸው እየዳሰሱ እንደሚቆሙ ስነግረው፣ «አባቴ በሞተ ጊዜ እኛ ወንዶቹ እንዲያ አልቆምንም» አለኝ። አሚ ሳሊሕ ያን ጊዜ አንቀላፍተው ነበር።

ትናንት ጠዋት ብቻዬን ደወልሁለት።

«ሙንተሰር፣ ሙሽራይቱ ማን እንደሆነች ታውቅ ነበር?»

«ምን ዓይነት ጥያቄ ነው? አንቺ ነሽ እኮ።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከመጀመሪያው ... አንቺ አታውቂም ነበር?»

«እኔ ያወቅሁት ትናንት ከዙህር በኋላ ነው።»

ከስልኩ ወዲያ ለዓሣው በረዶ ሲፈልጡ ይሰማኛል። «ተስማምታለች ነው ያሉኝ» አለ። «ዓይን አፋር ስለሆነች ስለ አውሬ ብቻ ነው የምታወራው፤ እንዳትቀየማት አሉኝ።»

አባዬ፣ እኔ ዓይን አፋር! ስምንተኛ ክፍል ሳለሁ መምህሩን በክርክር አስለቅሼ አንተ ተጠርተህ የመጣህልኝ ልጅ!

«ጥሪው ተበትኗል፤ እናቴም አዳራሽ ይዛለች» አለኝ። ከዚያ ደግሞ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «አሁን ብጠይቅሽስ?»

«ኒካሁን የሚያስረው ማእዙን ተጠርቶ፣ ድግስ ተደግሶ የሚቀርብ ነገር ጥያቄ አይደለም፤ ማስታወቂያ ነው» አልሁና ዘጋሁበት። ከዘጋሁ በኋላ ስልኩን ይዤ ብዙ ተቀመጥሁ። ይህን ለምን እንደምጽፍልህ አላውቅም።

ቤት ውስጥ ያለውን ደግሞ ስማ። የአሚ ሳሊሕ ባለቤት ኻላ ኢንቲሳር ዓሣ እየጠራረጉ፣ «ምን ጎደለሽ? እኔ የሳሊሕን ፊት ያየሁት ከኒካሁ በኋላ ነው፤ እሱም ቢሆን መብራት አልነበረም። አንቺ ከዒድ በፊት ጀምሮ ስለ ዝሆን ስትጫወቺ ከረምሽ!» ይሉኛል።

«ኻላ፣ የጎደለኝ መጠየቅ ነው።»

«ጥያቄማ ለፈተና ነው። ተምረሽ ጨርሰሽ የለ?»

አሚ ሳሊሕ በሥራቸው ይኮራሉ፤ ይህ ነው የሚያሳብደኝ። «በዓደን እንዳንቺ ባሏን ያወቀች ሙሽራ የለችም» ይላሉ። «በእኔ ፊት፣ በሐላል፣ ጠባያችሁን ተዋወቃችሁ። ይህን ዘዴ ማን አሰበው? እኔ!» እውነታቸውን ነው፤ ለእኔ ደግ ነገር ያደረጉ ነው የሚመስላቸው። ስከራከራቸው ሐዲስ ጠቀሱልኝ፤ የድንግል ፈቃድ ዝምታዋ ነው አሉ።

«አሚ፣ ያው ሐዲስ መጀመሪያ ትጠየቅ ይላል። ዝምታው ከጥያቄው በኋላ ነው የሚመጣው። ሳይጠየቅ ዝም ያለ ሁሉ ተስማማ ከተባለ፣ የሸምሳን ተራራም ለማግባት ተስማምቷል።»

«ትምህርት ምላስሽን አረዘመው እንጂ ዕድሜሽን አላሳጠረውም» አሉኝ። ሃያ ስድስት ዓመቴ መሆኑን መንገራቸው ነው።

ሐሙስ ማታ ለአንተ ስደውል ምን እንዳልኸኝ ታስታውሳለህ? «አጎትሽ ያውቃል፤ ኢንሻአላህ ኸይር ነው» ብለህ ስልኩን ለእማዬ ሰጠሃት። እማዬ ስትተነፍስ ብቻ ሰማሁ። ከዚያ ወዲህ ስልክህ ይጠራል፣ አይነሣም። ስለዚህ ነው ጽሑፍ ያስፈለገው። የሐይቋ ፋጢ፣ ኢንማ ከተማ ሰው ቤት ስትሠራ የቆየችው፣ ነገ ጠቅልላ ወደ አገሯ ትገባለች፤ ማክሰኞ ወይ ረቡዕ ኮምቦልቻ ትደርሳለች። ደብዳቤውን ሰጥታህ እንዳትሄድ፣ አንብበህ እስክትጨርስ ሱቅህ በርጩማ ላይ እንድትቀመጥ ነግሬያታለሁ። «ቢያባርሩኝስ?» አለችኝ። «አያባርርሽም፤ ሻሂ ያዝልሻል» አልኋት። እባክህ እዘዝላት።

አባዬ፣ አንተን በክፋት አልጠረጥርህም። ፈርተህልኝ ነው። እዚህ መብራቱም ደመወዙም የሚመጣበትና የሚጠፋበት አይታወቅም፤ የመኖሪያ ፈቃዴም በአሚ ሳሊሕ ስም ነው ያለው። «ባል ታግኝ፣ ቤት ይኑራት፣ እኔም እንቅልፍ ልተኛ» ብለህ ነው። ሰውየውም መጥፎ እንዳልሆነ ነግረውህ ይሆናል። መጥፎ አይደለም። መጥፎ ቢሆን ኖሮ ይህን ደብዳቤ መጻፍ እንዴት ይቀለኝ ነበር! «ሰካራም ነው፣ ሽማግሌ ነው፣ ሁለተኛ ሚስት ነው የሚያደርገኝ» ብዬህ አንተም ደንግጠህ ነገሩ ያልቅ ነበር። አሁን ግን በደሉን የማስረዳህ ያለ አንድም የሰውየው ነውር ነው።

አንተ ራስህ የነገርኸኝን ላስታውስህ። ሽማግሌ ከመላክህ በፊት እኅትህን ወደ እማዬ ልከሃት ነበር፤ «ሀዋዬ ትፈልገኝ እንደሆነ ጠይቂልኝ» ብለህ። እማዬ ምን አለች? «ሲጋራውን ይተው እንጂ ሌላ ነውር አላየሁበትም።» አንተም ያኑ ዕለት ፓኮውን ቦርከና ወንዝ ወረወርኸው። ይህን ታሪክ በዒድ ሁሉ እየሳቅህ ትነግረናለህ። እማዬ ሲጋራ የማያጨስ ባል ያገኘችው ስለተጠየቀች ነው፤ የተጠየቀ ሰው ቢያንስ አንድ ነገር ይጠይቃል። እኔ ምን ልጠይቅ እችል ነበር? ሥራዬን እቀጥላለሁ ወይ? እናቱ ቤት ነው ወይ የምንኖረው? አገሬ ስገባ ማን ይከለክለኛል? ስለ አንድ ድንኳን ይህን ሁሉ ጥያቄ ጠይቄ፣ ስለ ዕድሜ ልኬ አንድም አልጠየቅሁም። የትኛው ካምፕ በጄኔሬተር፣ የትኛው በሶላር እንደሚሠራ አውቃለሁ፤ በጁምዓ የምገባበትን ቤት በር ግን አላየሁትም።

አሁን የምለምንህ አንድ ነገር ነው። ረቡዕ ይህን ስትጨርስ ለወንድምህ ደውል። «ውክልናዬን አንሥቻለሁ» በላቸው፤ በዐረብኛ በላቸው፤ ሁለት ሰው አጠገብህ አድርገህ በላቸው። እሳቸው ይጮሃሉ። «ፊቴን የት ላድርገው፣ ከነጋዴው ቤተሰብ ጋር አጋጨኸኝ» ይላሉ። ይበሉ። ኻላ ዐሊያም አዳራሹን ለሌላ ድግስ ያውሉታል። ካልደወልህ ግን ጁምዓ ከዐስር በኋላ ማእዙኑ ሲመጣ ከሴቶቹ ክፍል ወጥቼ፣ በወንዶቹ ሁሉ ፊት፣ «እኔ አልተጠየቅሁም» እላለሁ። ወላሂ እላለሁ። የአንተ ስም በዚያ ሁሉ ሰው መካከል እንዲህ እንዲነሣ አልፈልግም፤ ግን የእኔ ስም እንደዚያ ከሚጻፍ ይሻላል። ልብሴን ሰብስቤያለሁ፤ ከዚህ ቤት ብወጣ የፋጢ ጓደኞች ሼክ ዑስማን ሰፈር አንድ ክፍል አላቸው፤ ያስገቡኛል።

ካምፑን በተመለከተ፣ ምንም ስም አልላክሁም። ድንኳኑን ግን አልሰረዝሁትም። እስከ ወሩ መጨረሻ እንዲያቆዩት ለምኜ ጻፍሁላቸው፤ በነሐሴ ቦታ ስለማይገኝ ነው። ለሌላ ደንበኛም ሊሆን ይችላል።

እንግዲህ የስኳርህ መድኃኒት አለ ወይ? ከፋጢ ጋር የካይሮ ደንበኛ ያመጣልኝን ልኬልሃለሁ፤ ሳትበላ እንዳትወስደው። ለእማዬ የጉልበት ቅባትና ሁለት ዲርዕ ቀሚስ አለ፤ አረንጓዴው የእሷ ነው፤ ሌላውን ለፈለገችው ትስጥ። ክፉ አይንካችሁ፤ ሱቃችሁን አላህ ይሙላው፤ አንተን በሰላም ጠብቆ በዐይኔ ያሳየኝ። ተቆጥቼህ እንኳ ዱዓዬ ካንተ አልተቋረጠም፤ አንተም አትቁረጥብኝ።

አንድ ነገር ግን ይታወቅ። ከእንግዲህ ስለ እኔ ሌላ ሰው «እሺ» ሲል አልቀበልም። አሚ ሳሊሕ በደግነት ቢሉት አልቀበልም። አንተ በፍቅር ብትለውም አልቀበልም፤ ነገሩ እኔ ራሴ «እሺ» የምለው ቢሆን እንኳ አልቀበልም።

ልጅህ
ኡመይማ